አዞ፣ ዝይና ዶልፊን፦ ባቡርና መኪና ቅጽል ስም የሚያገኙበት መንገድ

ባቡር ብዙ ጊዜ ሁለት ስም አለው። የመጀመሪያው ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣው ፊደልና ቁጥር ነው፤ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ በጥገና ክፍል ይጠራል፣ ከዚያ አልፎ አይሄድም። ሁለተኛውን የሚያወጡለት የሚነዱት፣ የሚሳፈሩበትና ከሐዲዱ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ዕድሜው የሚረዝመውም ይኸኛው ነው። ባቡሩ ተቆራርጦ ብረቱ ከቀለጠ በኋላ እንኳ ሰው የሚያስታውሰው በቅጽል ስሙ ነው።

አብዛኛው ቅጽል ስም ከመልክ፣ ከድምፅ ወይም ከአካሄድ ይቀዳል። ከመልክ ለተቀዳው የስዊዘርላንዱ «አዞ» ጥሩ ምሳሌ ነው። ከ1919 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጎትሃርድን ተራራ ጭነት እየጎተተ እንዲያቋርጥ የተሠራ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲሆን፣ ከፊትም ከኋላም ረጅም አፍንጫ አለው፤ ጠመዝማዛ ላይ ሲደርስ አካሉ ይተጣጠፋል፤ ቀለሙም መጀመሪያ ቡናማ፣ ኋላ አረንጓዴ ነበር። ያየው ሁሉ ሌላ ስም ሊያወጣለት አልቻለም። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በምዕራቡ መስመር የገቡት ጫፋቸው ሾጠጥ ያለ የናፍጣ ባቡሮች «የሚበር ሙዝ» ተባሉ።

ድምፅም የራሱን ስም ይሰጣል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሶቪየት ኅብረት ወደ ምሥራቅ ጀርመን የገባው ከባድ የናፍጣ ባቡር መጀመሪያ ላይ የድምፅ ማፈኛ ስላልነበረው በሄደበት ሁሉ አገሩን ያናውጥ ነበር። ጀርመኖቹ «የታይጋ ከበሮ» አሉት፤ ታይጋ የሳይቤሪያ ጫካ ነው። እንቅልፍ ላጣ ሰው ይህ ጨዋ ስድብ ነው። በእንግሊዝ ደግሞ የአየር መሳቢያው እንደ ምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ስለሚያጉረመርም በዚያው ማሽን የንግድ ስም «ሁቨር» የተባለ ባቡር ነበር።

በጣም የሚያስቁት ግን ከአካሄድ የሚወጡት ናቸው። በአሜሪካ የኮሎራዶ ተራሮች ውስጥ ይሠራ የነበረ አንድ ትንሽ የባቡር ኩባንያ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ገንዘብ አጠረው። ሙሉ ባቡር በከሰል ማንቀሳቀስ አልቻለም፤ ፖስታ የማድረስ ውሉን ደግሞ መተው አልፈለገም። ስለዚህ በገዛ ጋራዡ ያረጁ የቤት መኪናዎችን አካል ወስዶ፣ ከኋላቸው የዕቃ ሳጥን ቀጥሎ፣ የባቡር ጎማ አስገጥሞ ሐዲድ ላይ አወጣቸው። መኪና ይሁኑ ባቡር ያልለየላቸው እነዚህ ፍጡራን ባልተስተካከለው ሐዲድ ላይ ግራና ቀኝ እየተወዛወዙ ሲሮጡ ለተመለከተ፣ ክንፉን ዘርግቶ የሚሮጥ ዝይ መሰሉ። «ጋላቢው ዝይ» የሚለው ስም እስከ ዛሬ አለ፤ ባቡሮቹም በሙዚየም ተጠብቀዋል። እንግሊዞችም በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የአውቶቡስ አካል አራት ጎማ ባለው የባቡር መሠረት ላይ ጭነው ርካሽ ባቡር ሠርተው ነበር፤ ሐዲዱ መጋጠሚያ ላይ በደረሰ ቁጥር ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚል ተሳፋሪው «ራሷን የምትነቀንቅ አህያ» አላት። ከአገልግሎት የወጣችው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው።

አንዳንዴም ስሙ የሚወጣው ባቡሩ ገና ሳይሠራ ነው። ከሞምባሳ ተነሥቶ ቪክቶሪያ ሐይቅ የደረሰው፣ ከ1896 እስከ 1901 እ.ኤ.አ. የተገነባው የኡጋንዳ ባቡር በለንደን ተቃዋሚዎቹ ዘንድ «የእብድ መስመር» ይባል ነበር። ከየት ተነሥቶ የት እንደሚሄድ፣ ምን ጭኖ እንደሚመለስ የገባው ሰው የለም ለማለት ነው።

የኢትዮጵያ ባቡር ታሪክ ከስም አንጻር ሲታይ ለየት ይላል። እዚህ ባቡር ቅጽል ስም ከመቀበል ይልቅ ስሙን ለሌሎች ሲያድል ኖሯል። «ባቡር» የሚለው ቃል ራሱ እንፋሎት ከሚል የአውሮፓ ቃል ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል የገባ ነው። አማርኛው ውስጥ ሲገባ ጭስ የሚያወጣና በሞተር የሚሠራ ነገር ሁሉ መጠሪያ ሆነ። እህል የሚፈጨው ወፍጮ ባቡር ተባለ። አውሮፕላን ሲመጣም «የሰማይ ባቡር» ያሉት ነበሩ። እውነተኛው ባቡር ከእነዚህ እንዲለይ ደግሞ «የምድር ባቡር» መባል ግድ ሆነበት። ዛሬም መሥሪያ ቤቱ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

ከእነዚህ «ባቡሮች» ሁሉ ዝነኛው ሐዲድ ረግጦ የማያውቅ ነው። በ1897 ዓ.ም. ገደማ አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን ለዐፄ ምኒልክ የመንገድ ሥራ የሚሆን በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ መዳመጫ ከውጭ አስመጣ። ማሽኑ በበረሃውና በዳገቱ በኩል አዲስ አበባ እስኪደርስ ብዙ መከራ ታየ። የከተማው ሰው በአስመጪው ስም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ማሽኑ ዝጎ ከቀረ በኋላም ስሙ ከአፍ አልወደቀም።

እውነተኛው ባቡር በ1886 ዓ.ም. በተሰጠ የሥራ ፈቃድ መሠረት ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ይህ መስመር ለከተማዋ ያተረፈው ትልቁ ስም የጣቢያው ነው። ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን በቋንቋቸው «ላ ጋር» ሲሉ የሰማው ሕዝብ «ለገሀር» አደረገው። በአማርኛ አፍ ተለዝቦ ዛሬ የሰፈር ስም ነው፤ የኦሮምኛ ቃል የሚመስላቸውም አይጠፉም፤ «ለገ» በሚል የሚጀምር የቦታ ስም በአዲስ አበባ ዙሪያ ብዙ ነውና። በአስመራና በምጽዋ መካከል በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የሮጠችው የጣሊያን ባለ ሞተር ፉርጎ ደግሞ «ሊቶሪና» ትባላለች። ስሟ የፋሺስት መንግሥት ረግረግ አድርቆ ከቆረቆራት ከሊቶሪያ ከተማ ጋር የተያያዘ ነው። ከተማዋ ስሟን ለውጣ ዛሬ ላቲና ትባላለች፤ ፉርጎዋ ግን የድሮውን ስም እንደያዘች ቀርታለች።

መስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር «ቀላል ባቡር» ተብሎ ነው የተሰየመው። ይህን ስም ያወጣው መንግሥት እንጂ ሕዝቡ አይደለም፤ ቢሆንም ለቀልድ የተመቸ ነው። ቴክኒካዊ ትርጉሙ የመጫን አቅሙ ከትልቁ ባቡር ያነሰ ማለት ሲሆን፣ በጠዋት የሥራ ሰዓት መሳፈር ግን በምንም መለኪያ ቀላል አይደለም። አንድ ዓመት ቆይቶ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው አዲሱ የጅቡቲ መስመርም እስካሁን በሕዝቡ ዘንድ የሚታወቀው ባቡር በሚለው ስም ብቻ ነው።

ይህ የሆነው ኢትዮጵያዊ ስም ማውጣት ስለማይችል አይደለም። የመጓጓዣ ስም በዚህ አገር ከመኪናም ከባቡርም በፊት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ተብለው የተጠሩት በፈረሶቻቸው ስም ነው። ፈረሱ ስም ይወጣለታል፣ ጌታው በፈረሱ ስም ይጠራል። በዘመነ መኪና ነገሩ ተገለበጠ፤ አሁን መኪናው በሰው፣ በእንስሳ ወይም በዘመኑ ወሬ ስም ይጠራል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የመኪናን ስም ግን ወያላ ያወጣዋል።

ይህን ለማየት ባቡር ደርሶበት የማያውቅ ከተማ ይበልጥ ይመቻል፤ አርባ ምንጭ አንዱ ነው። የጋሞ ዞን ዋና ከተማ የተቆረቆረው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ደጋ ላይ ያለችው ጨንቻ ነበረች። ከተማው ራሱ በሁለት ይከፈላል፤ ገበያው የደራው ሲቀላ ከታች፣ ሴቻ ከላይ። እዚህ አገር ስም የሚወጣው ከሚታየው ነገር ነው። ከገደሉ ሥር የሚፈልቁት ምንጮች አርባ ተባሉ፤ ማን እንደቆጠራቸው ግን አይጠየቅም። አባያንና ጫሞን የሚለየው ጠባብ መሬት የእግዜር ድልድይ ተባለ። ከጫሞ ዳር አዞዎች ወጥተው ፀሐይ የሚሞቁበት ቦታም የአዞ ገበያ ነው፤ ሻጩና ገዢው አንድ ላይ አፋቸውን ከፍተው የሚውሉበት።

እንዲህ ያለ ከተማ ለመኪናዎቹ ስም ሲያጣ አይታይም፤ ስሞቹ የከተማው ብቻ ሳይሆኑ የመላ አገሪቱ ቢሆኑም። ጎዳናውን የሞላው ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ነው። ብዙ ሰው ይህን የዕቃው ስም አድርጎ ይወስደዋል፤ ነገር ግን በሕንድ አገር የአንድ ነጋዴ ቤተሰብ መጠሪያ ነው። ቤተሰቡ ያቋቋመው ኩባንያ ባለ ሦስት እግር መኪና መሥራት የጀመረው ከጣሊያኑ ፒያጆ ፈቃድ ገዝቶ ነው። ፒያጆ በ1948 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያው ባለ ሦስት እግር ደግሞ «አፔ» ይባል ነበር፤ በጣሊያንኛ ንብ ማለት ነው። ሲቀላ አደባባይ ላይ ሰማያዊዎቹ ባጃጆች እየተርመሰመሱ ጥዝ ሲሉ ላየ፣ የመጀመሪያው ስም ይበልጥ እንደሚስማማቸው አይጠራጠርም። ሞተር ብስክሌት ግን ስም አውጪውን አልቸገረም፤ ሲነሣ ራሱ ዶቅ ዶቅ እያለ ስሙን ስለሚናገር ዶቅዶቄ ተባለ።

ወደ ሶዶና ወደ ሌሎች ከተሞች ከሚሄዱት ሚኒባሶች መካከል አፍንጫው ክብ፣ ጀርባው ለስላሳ የሆነው የቶዮታ ሥሪት «ዶልፊን» ነው። ይህ ስም ከስዊዞች አዞ ጋር ሲነጻጸር ነገሩ ያስቃል። በሐይቆቻቸው ውስጥ አዞ የሌላቸው የስዊዘርላንድ ሰዎች ባቡራቸውን አዞ ብለው ጠሩ፤ የአዞ ገበያ ያላቸው የአርባ ምንጭ ሰዎች ደግሞ፣ ባሕር በር በሌለው አገር፣ በውኃቸው የማያገኙትን ዶልፊን በየቀኑ ይሳፈሩበታል። ቅጽል ስም የግድ ከቅርብ አይመጣም፤ ዶልፊንን ያስተዋወቀው ቴሌቪዥን ይመስላል። ሰፋ ያለው ሌላኛው ሚኒባስ «አባዱላ» ይባላል። ስሙን የኦሮሚያ ፕሬዚዳንትና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ከነበሩት ከአባዱላ ገመዳ እንደወሰደ ይነገራል። በገዳ ሥርዓት አባ ዱላ የጦር መሪ ነው፤ በመሆኑም «አባ» የሚለው የፈረስ ስም ቅርጽ መቶ ዓመት ዞሮ በጎማ ላይ ተመልሷል ማለት ይቻላል።

ከታሪኩ ጋር ሳይያያዝ ሊገባ የማይችል ስምም አለ። በአዲስ አበባ የቆዩት ሰማያዊ በነጭ የፒካፕ ታክሲዎች «ውይይት» ይባሉ ነበር። ከኋላ በሁለት ረድፍ የተገጠመው ወንበር ተሳፋሪውን ፊት ለፊት ያፋጥጠዋል፤ ጉልበት ከጉልበት ይጋጫል። በደርግ ዘመን ሠራተኛና ነዋሪ እየተጠራ በግድ የሚቀመጥበት የውይይት ክበብ ነበር፤ ታክሲው ያንን አስታወሳቸው። ከክበቡ ይልቅ በታክሲው ውስጥ የልብ ጨዋታ እንደነበር መገመት አይከብድም። ስሙ ደግሞ ለመንግሥት ጆሮ ምንም ጥፋት የለበትም፤ የተሳካ ሽሙጥ እንዲህ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ትንንሾቹ የፊያት ታክሲዎች «ሴይቼንቶ»፣ ትልልቆቹ የጣሊያን የጭነት መኪናዎች «ትሬንታ ኳትሮ» ሲባሉ በጣሊያንኛ ስድስት መቶና ሠላሳ አራት ተብሎ ቁጥራቸው መጠራቱ ብቻ ነበር። ከቁጥር ወደ ውይይት መሻገሩ ቋንቋው መኪናውን የራሱ ማድረጉን ያሳያል።

በጋሞ ዞን መንገዶች ላይ ከሁሉ ይልቅ ስሙ ሥራውን የሚገልጸው «ቅጥቅጥ» ነው። አካሉ ከፋብሪካ አይመጣም፤ የአይሱዙ የጭነት መኪና መሠረት ተወስዶ በአገር ውስጥ ጋራዥ ላሜራው ተቀጥቅጦ፣ ወንበር ተደርድሮ አውቶቡስ ይሆናል። የኮሎራዶው ጋላቢ ዝይም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነበር፤ ገንዘብ ያነሰው ባለቤት፣ የተገኘ ሞተር፣ የጋራዥ ጥበብ። ልዩነቱ አሜሪካኖቹ ስሙን ከአሯሯጡ ማውጣታቸው፣ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ከአሠራሩ ማውጣታቸው ነው። ሆኖም ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ለሚወጣ ሰው ቃሉ ሌላ ትርጉምም አለው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ። አንድ ሺህ አራት መቶ ሜትር ያህል ሽቅብ የሚወጣው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከሐይቁ ሙቀት ተነሥቶ በዶርዜ በኩል ጉምና ቀርከሃ ውስጥ ይገባል። ጠጠሩና ጭቃው ላይ የተቀጠቀጠው አውቶቡስ በተራው ተሳፋሪውን ይቀጠቅጠዋል። ስሙ ስለ ላሜራው ይሁን ስለ ወገብ ከዶርዜ በኋላ አይለይም።

ሳቅ የማይገባቸው ስሞችም አሉ። አይሱዙ የጭነት መኪና በአገሪቱ መንገዶች ላይ «አልቃይዳ» ሲባል ኖሯል፤ ከቻይና የገባው ሲኖትራክ ገልባጭ ደግሞ «ቀይ ሽብር»። አንዱ ስም ከዓለም ዜና፣ ሌላው በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የብዙ ወጣት ሕይወት ከቀጠፈው የደርግ ዘመቻ ተወሰደ። ምክንያቱ የመኪናዎቹ መልክ አይደለም፤ እጅግ በፍጥነት እየተነዱ ያደረሱት አደጋ ነው። ጥፋቱ የሹፌርና የመንገድ እንጂ የብረቱ ባይሆንም ስሙን የተሸከመው ብረቱ ሆነ። ልጁ በቀይ ሽብር የሞተበት ወላጅ መንገድ ዳር ቆሞ ይህን ስም ሲሰማ እንደማይስቅ ግን የታወቀ ነው። ከቀልዶቹ ሁሉ ልክ ያለፈ ካለ ይህ ነው፤ እውነት የያዘ ካለም ይኸው ነው፤ ሰው የፈራውን በስም ሊያቀለው ሞከረ፣ ስሙ ግን ከፍርሃቱ ከበደ።

ለአርባ ምንጭ አይሱዙ የሩቅ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ የምትበላው ሙዝ አብዛኛው የሚሄደው ከከተማው ዙሪያ ካሉት የቆላ እርሻዎች ነው፤ ዘለላው ገና አረንጓዴ ሳለ ተቆርጦ ለመንገዱ የሚጫነው በአይሱዙ ላይ ነው። ሳይበስል መድረስ አለበት፣ ሹፌሩም ይቸኩላል። እንግሊዞች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ለባቡራቸው ያወጡት «የሚበር ሙዝ» የሚለው ስም ለቅርጹ ነበር፤ በአርባ ምንጭና በአዲስ አበባ መካከል ቃል በቃል ይሠራል።

በእነዚህ ሁሉ ስሞች መካከል ባቡር የሌለበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቅጽል ስም የሚወጣው በየቀኑ ለሚሳፈሩበት፣ ለሚጠብቁት፣ ለሚናደዱበት ነገር ነው። በድሬዳዋ ባቡር የመቶ ዓመት ጎረቤት ነበር፤ በጋሞ ደጋ ግን በትምህርት ቤት መጽሐፍ ሥዕል የሚታወቅ ዕቃ ነው።

ሐሳቡ ግን ነበር። በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ባወጣው አገር አቀፍ የመስመር ዕቅድ ውስጥ አንዱ ከሞጆ ተነሥቶ በሻሸመኔና በአርባ ምንጭ በኩል ወደ ኮንሶና ወደ ወይጦ የሚወርድ ነው። በዚህ መስመር እስከ አርባ ምንጭ ሐዲድ አልተነጠፈም። ካርታው ላይ የሚጠራው በመነሻውና በመድረሻው ከተሞች ስም ነው፤ ሌላ ስም ገና አልወጣለትም።